ስለ ምጽዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ የወደቧ ከተማ መልክዓ ምድርና ታሪክ

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ስለ ምጽዋ የሚያነቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመቶቹና የወር ቀኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጠቀሱት ጥቂቶቹ «ዓ.ም.» በሚል ተለይተዋል። ወደ መልሶቹ ከመግባታችን በፊት አንባቢው አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን፦ ምጽዋ መልካም ወደብ የታደለች፣ የሚጠጣ ውሃ ግን የተነፈገች ደሴት ናት። ደሴቲቱን የያዘ ኃይል ሁሉ ዓይኑ ማዶ ባለው የብስ ላይ እንደሆነ ኖሯል፤ የብሱን የያዘውም ደሴቲቱን ሳይመኝ የቀረበት ጊዜ የለም።

ምጽዋ የት ትገኛለች? ደሴት ናት ወይስ የየብስ ከተማ?

ምጽዋ በኤርትራ፣ በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ከተማዋ ሁለቱንም ናት። ጥንታዊው ክፍሏ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች ትንሽ ደሴት ላይ የሰፈረ ነው። ከዚህች ደሴት በስተምዕራብ ጥዋለት የምትባል ሌላ ደሴት አለች። ሁለቱን ደሴቶች እርስ በርስ የሚያገናኘው፣ በባሕሩ ላይ በድንጋይ ሙሌት የተሠራው መንገድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያንሳል፤ ጥዋለትን ከየብሱ ጋር የሚያያይዘው ግን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የሕዝቡ ብዙ ክፍል የሚኖርባቸው አዳዲስ ሰፈሮች ከዚህ መንገድ ወዲህ፣ በየብሱ ላይ የተዘረጉ ናቸው።

በስተደቡብ በኩል፣ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ሕርጊጎ ይገኛል፤ በስተምሥራቅ፣ ከባሕሩ ላይ፣ የዳህላክ ደሴቶች ተበታትነው ይታያሉ። ይህ የቀይ ባሕር ዳርቻ በኮራል አለት የተሞላና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ለትልልቅ መርከቦች አደገኛ ነው። በምጽዋ ደሴት ሰሜናዊ ጎን ያለው ውሃ ግን ጥልቅ ነው፤ ከማዕበልም የተከለለ ነው። ከተማዋ በዚያ ቦታ የቆመችበት ምክንያት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስሟ ከየት መጣ?

በትግርኛ ምጽዋዕ፣ ባጽዕም ትባላለች። ባጽዕ የጥንቱ ስም ሲሆን፣ ቀደም ያሉ የዐረብ ጸሐፊዎች «ባዲዕ» ብለው የመዘገቡትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። «ምጽዋዕ» የሚለው ቃል በትግርኛ «መጥራት» ማለት በመሆኑ፣ ከደሴቲቱ ወደ ማዶ ድምፅን ከፍ አድርጎ ከመጣራት ጋር የሚያያይዙት ሰዎች አሉ። ትርጓሜው ከቦታው አቀማመጥ ጋር ደስ በሚል ሁኔታ ቢገጥምም፣ የአፍ ትውፊት እንጂ የተረጋገጠ የቃል ታሪክ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

በእርግጥ እንደሚባለው ሞቃት ናት? ዝናብስ የሚዘንበው መቼ ነው?

ሙቀቷ አልተጋነነም። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ሲሆን፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከሙቀቱ በላይ ሰውን የሚያደክመው ግን ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ነው፤ ሌሊቱ እንኳ እፎይታ አይሰጥም። በዚህም የተነሣ ድሮ የከተማዋ ነዋሪዎች በየሰገነቱና በየደጁ አልጋ አውጥተው ያድሩ ነበር።

የዝናቡ ወቅት ለደጋ ሰው እንግዳ ነው። በደጋው ክረምት ሲገባ ምጽዋ ትደርቃለች፤ ምክንያቱም ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ደመና እርጥበቱን በተራራው ላይ አራግፎ ነው ወደ ባሕሩ የሚወርደው። ምጽዋ የምትዘንበው፣ ያውም በጥቂቱ፣ ደጋው ሲደርቅ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ ነፋሱ ከባሕሩ ወደ የብሱ ሲነፍስ ነው። የዓመቱ ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በደጋውና በባሕሩ መካከል ያለው ገደላማ ቁልቁለት ግን ከሁለቱም ወቅቶች ድርሻውን ስለሚያገኝ ለምለም ነው። የአካባቢው አርብቶ አደሮች በክረምት ወደ ደጋ፣ በበጋ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚመላለሱበት የጥንት ሥርዓት የተመሠረተው በዚህ መፈራረቅ ላይ ነው።

ውሃ የሌላት ደሴት እንዴት ከተማ ሆነች?

ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ቁልፍ የሆነው ነው። በደሴቲቱ ላይ ምንጭም ወንዝም የለም። ነዋሪዎቿ ጥቂቷን የዝናብ ውሃ በአለት ውስጥ በተፈለፈሉ ጉድጓዶች ያጠራቅሙ ነበር፤ ያ በማይበቃበት ጊዜ ደግሞ ከየብሱ ጉድጓዶች የተቀዳ ውሃ በጀልባ ይሻገርላቸው ነበር። ስለዚህ ሕርጊጎንና በስተምዕራብ ያሉትን የምንኩሉና የሕጡምሎ መንደሮች የተቆጣጠረ ሰው ከደሴቲቱ ጋር መድፍ ሳይተኩስ መደራደር ይችል ነበር። የውሃ ቧንቧ ከምንኩሉ ወደ ደሴቲቱ የተዘረጋው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ግብፆች ከተማዋን ሲያስተዳድሩ ነው። ሁለቱን ደሴቶች ከየብስ ጋር ያገናኘው መንገድም የተሠራው በ1870ዎቹ መጀመሪያ፣ ለግብፅ መንግሥት ባገለገለው ስዊዘርላንዳዊ ገዥ በወርነር ሙንዚንገር ጊዜ ነበር። ምጽዋ ከየብሱ ጋር የተያያዘችው፣ እንግዲህ፣ ከመቶ ስድሳ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ምጽዋና አዱሊስ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ብዙ ሰው ግን ያምታታቸዋል። የአክሱም መንግሥት ዋና ወደብ የነበረው አዱሊስ ከምጽዋ በስተደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በመጀመሪያው መቶ ዘመን የግሪክ ነጋዴዎች የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ የሚገዙበት ስመ ጥር ገበያ ነበር። ከሰባተኛው መቶ ዘመን በኋላ አዱሊስ ሲወድቅ፣ በአካባቢው የባሕር ንግድ የዳህላክ ደሴቶች ገነው ወጡ፤ በዳህላክ ከቢር የሚገኙት በዐረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮችም የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ምጽዋ ወደ ፊት የመጣችው ቀስ በቀስ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ትውፊት መጠቀስ አለበት። በሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከመካ በስደት ወደ ሐበሻ የመጡት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በዚህ ዳርቻ እንደወረዱ የሚተረክ ሲሆን፣ በደሴቲቱ ጫፍ፣ ራስ ምድር በሚባለው ስፍራ የሚገኘው የሰሐባ መስጊድ የዚያ መታሰቢያ ተደርጎ ይከበራል።

ምጽዋ ከኢትዮጵያ ነገሥታት ጋር ምን ግንኙነት ነበራት?

በመካከለኛው ዘመን የባሕሩን ዳርቻ በንጉሡ ስም የሚያስተዳድረው ባሕር ነጋሽ የተባለው ሹም ሲሆን፣ መቀመጫው ግን በደጋው፣ በድባርዋ ነበር። ሹሙ «ባሕር ነጋሽ» ተብሎ ሳለ ከባሕሩ ርቆ፣ ከወባውና ከሙቀቱ በላይ መቀመጡ ስለ አካባቢው ብዙ ይናገራል።

በሚያዝያ 1520 የፖርቱጋል መርከቦች ምጽዋ ደረሱ፤ ወደ አፄ ልብነ ድንግል የተላከው የሮድሪጎ ደ ሊማ መልእክት ጉዞውን የጀመረው ከዚያ ነው። ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ከዚህ ቡድን ጋር ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ1541፣ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ነፍጠኞች ይዞ ከዚሁ ወደብ ወደ ደጋው ወጣ። እሱ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት ተማርኮ ቢገደልም፣ ከሞት የተረፉት ባልደረቦቹ በ1543 ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በወደቀበት የወይና ደጋ ጦርነት ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን ተሰልፈዋል።

ቱርኮች መቼ ያዟት? «ናይብ» የሚባለው ሹምስ ማን ነበር?

የኦቶማን ቱርኮች በኦዝደሚር ፓሻ መሪነት ምጽዋንና ሕርጊጎን የያዙት በ1557 ነው። ዓላማቸው በዳርቻው ላይ ብቻ መቀመጥ ስላልነበረ እስከ ድባርዋ ዘልቀው ነበር፤ ሆኖም ደጋው አልተገዛላቸውም። በ1570ዎቹ መጨረሻ አፄ ሠርፀ ድንግል ከቱርኮች ጋር ያበረውን ባሕር ነጋሽ ይስሐቅን ድል ካደረጉ በኋላ፣ የኦቶማን ሥልጣን በተግባር ከባሕሩ ዳርቻ አልፎ አልሄደም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር፣ በእኛ አስተያየት፣ ከከተማዋ ታሪክ እጅግ የሚገርመው ነው። ሱልጣኑ በዚያ ሙቀት ውስጥ ብዙ ጦር ማቆየት ኪሳራ መሆኑን ስላየ፣ ሥልጣኑን በሕርጊጎ ለሚኖር የበለው ቤተሰብ አለቃ «ናይብ»፣ ማለትም ምትክ፣ በሚል ማዕረግ ሰጠው። ናይቡ በስሙ የሱልጣኑ አገልጋይ ነበር፤ በተግባር ግን የደሴቲቱን ውሃ፣ ወደ ደጋው የሚወጣውን የቅፍለት መንገድና ግመሎቹን የሚቆጣጠረው እርሱ ስለሆነ ከማንም በላይ ነበር። ከደጋው ገዥዎች ጋር የቀረጡን ገቢ የሚካፈልበት ጊዜ ነበር፤ እነርሱም ሲቆጡ እህል የሚወርድበትን መንገድ ይዘጉበት ነበር። በመስከረም 1769 በምጽዋ በኩል ወደ ጎንደር ያለፈው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ከናይቡ እጅ ለመውጣት ሁለት ወር ያህል ፈጅቶበታል።

በወደቡ የሚወጡት ሸቀጦች ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ ቆዳና ቡና ነበሩ። የሰው ልጆችም በባርነት እየተሸጡ ይወጡበት ነበር፤ ይህ ከታሪኩ ተቆርጦ የሚቀር አይደለም። የሚገባው ደግሞ በአብዛኛው ጨርቅ፣ ጠመንጃና የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር።

ጣልያኖች ከተማዋን እንዴት ያዙ?

በ1865 የኦቶማኑ ሱልጣን ምጽዋን ለግብፁ ኬዲቭ እስማኤል አሳልፎ ሰጠ። ግብፆች ከዚህ ተነሥተው ወደ ደጋው ለመስፋፋት ቢሞክሩም፣ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 ደግሞ በጉራ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ክፉኛ ተመቱ። ከዚያ በኋላ በብሪታንያው አድሚራል ዊልያም ሂዊት አማካይነት በሰኔ 1884 በዓድዋ በተፈረመው ውል፣ አፄ ዮሐንስ በሱዳን የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በግዛታቸው አልፈው እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ፤ በምትኩም የጦር መሣሪያን ጨምሮ ማናቸውም ዕቃ በምጽዋ በኩል ያለ ቀረጥ እንዲያልፍላቸው ተፈቀደ። ንጉሠ ነገሥቱ ድርሻቸውን ፈጸሙ። ሆኖም ስምንት ወር ያህል ብቻ ቆይቶ፣ በየካቲት 5 ቀን 1885፣ በኮሎኔል ታንክሬዲ ሳሌታ የሚመራ የጣልያን ጦር በብሪታንያ በጎ ፈቃድ ምጽዋ ላይ ወረደ። የውሉ ቀለም ሳይደርቅ ነው ቢባል አልተጋነነም።

የዶጋሊ ጦርነት ከምጽዋ ጋር እንዴት ይያያዛል?

እንደገና በውሃና በሙቀት በኩል ነው። ጣልያኖች በደሴቲቱ ላይ ተጨናንቀው መቀመጥ ስላልቻሉ ወደ ውስጥ ገፍተው ጉድጓድ ያለበትን ሰዓጢን ያዙ። የመረብ ምላሽ ገዥ የነበሩት ራስ አሉላ ይህን እንደ ወረራ ቆጠሩት። በጥር 1887 (ጥር 1879 ዓ.ም.) በሰዓጢ ምሽግ ላይ የሰነዘሩት ጥቃት ባይሳካም፣ በማግሥቱ፣ ጥር 26፣ ከምጽዋ ለእርዳታ የወጣውን አምስት መቶ ያህል የጣልያን ጦር ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ዶጋሊ ላይ ከብበው ደመሰሱት። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ቶማሶ ደ ክሪስቶፎሪስም እዚያው ወደቀ። ድሉ ግን ምጽዋን አላስመለሰም፤ ከባሕር ኃይል ጋር የሚተባበር ጦር ያለባትን ደሴት ያለ መርከብ መክበብ አይቻልም ነበር።

የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ ከሆነች በኋላ ማዕረጉ ለምን ወደ አስመራ ተዛወረ?

ጣልያን በጥር 1890 ኤርትራ ብላ የሰየመችው ቅኝ ግዛት የመጀመሪያ ዋና ከተማ ምጽዋ ነበረች። አስመራ በ1889 ከተያዘች በኋላ ግን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን ነፋሻ አየር እያወቁ በምጽዋ መቆየት ለሹማምንቱ ትርጉም አልነበረውም። በ1890ዎቹ መጨረሻ፣ ገዥው ፈርዲናንዶ ማርቲኒ መቀመጫውን ወደ አስመራ አዛወረ።

ስለ ባቡሩና በአየር ላይ ስለተዘረጋው የገመድ መስመር ምን ይታወቃል?

የባቡሩ ሥራ የተጀመረው ከዶጋሊ ሽንፈት በኋላ ጦሩን እስከ ሰዓጢ ለማድረስ ሲሆን፣ ይህ የመጀመሪያው ክፍል በ1888 አለቀ። ቀሪው ግን ቁልቁለቱን የሚወጣ ነው፤ ግንዳዕ የደረሰው በ1904፣ አስመራ የገባው ደግሞ በ1911 ነበር። የምጽዋና የአስመራ የሐዲድ ርቀት 118 ኪሎ ሜትር ነው። በመሐል የነበሩት ዋሻዎችና ድልድዮች እስካሁን ድረስ መሐንዲሶችን ያስደንቃሉ።

በ1935 ጣልያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ወደቡ በዕቃ ተጨናነቀ፤ ባቡሩም ብቻውን አልበቃም። ስለዚህ 72 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ዕቃ በተንጠለጠሉ ቅርጫቶች ከባሕር ወለል እስከ አስመራ የሚያወጣ የገመድ መስመር ተሠራ፤ በ1937ም ተጠናቀቀ። በዘመኑ ከዓለም በርዝመቱ ቀዳሚ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች ፈታትተውታል። ባቡሩ ደግሞ በ1970ዎቹ በጦርነቱ ምክንያት ቆሞ፣ ሐዲዱ ለምሽግ መሥሪያ እየተነቀለ ከተበታተነ በኋላ፣ ከኤርትራ ነፃነት ወዲህ በጡረተኛ ባቡረኞች ጭምር ተሰብስቦ በ2003 እንደገና አስመራ ደርሷል።

የጥንቱ ከተማ ቤቶች ለምን የተለዩ ሆኑ?

ግድግዳቸው ከባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ የተሠራ ስለሆነ ነው። ድንጋዩ ቀላልና ባለቀዳዳ በመሆኑ ሙቀትን ይከላከላል። ወደ መንገድ ብቅ ያሉት በእንጨት ፍርግርግ የተሸፈኑ መስኮቶች ነፋስ እያስገቡ የቤቱን ሰው ከውጭ ዓይን ይሰውራሉ፤ ይህ ከጅዳና ከሱዋኪን ጋር የሚጋሩት የቀይ ባሕር የአሠራር ጥበብ ነው። በነሐሴ 1921 የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ብዙዎቹን አፍርሷል። ጣልያኖች ከዚያ በኋላ መልሰው ሲገነቡ የምሥራቁን ቅስት ከራሳቸው አሠራር ጋር አዋህደው በመጠቀማቸው፣ ዛሬ ያለው መልክ የሁለቱ ድብልቅ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምን ሆነች?

ከረን በመጋቢት 1941 ከወደቀች በኋላ ምጽዋ ሚያዝያ 8 ቀን እጇን ሰጠች። ጣልያኖች ግን ወደቡ ለጠላት እንዳይጠቅም የራሳቸውን መርከቦችና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎች በመግቢያው ላይ አሰመጡ። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ በዚያ ሙቀት ውስጥ ጠላቂዎችን እየመራ ብዙዎቹን በማንሣት ወደቡን መልሶ ለአገልግሎት አብቅቷል።

በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር የነበራት ቦታ ምን ነበር?

ኤርትራ በመስከረም 1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈሩን በምጽዋ አደረገ። በጥዋለት የሚገኘው፣ መሠረቱ በሙንዚንገር ዘመን የተጣለው ቤተ መንግሥት የአፄ ኃይለ ሥላሴ የክረምት ሳይሆን፣ በአገሩ የዝናብ አቆጣጠር ስንናገር፣ የበጋ ማረፊያ ነበር፤ ደጋው በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ባሕሩ ዳርቻ ደስ ይላልና። በንግድ በኩል ምጽዋ ሰሜኑን ስታገለግል፣ የአዲስ አበባው ጭነት በአብዛኛው በአሰብና በጅቡቲ ያልፍ ነበር።

የ1977ቱና የ1990ው ውጊያዎች ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በታኅሣሥ 1977 የኤርትራ ሕዝብ ነፃነት ግንባር (ሻዕቢያ) በየብሱ ያለውን የከተማዋን ክፍል ያዘ፤ ነገር ግን ወደ ደሴቶቹ ለመሻገር በጨው ማምረቻው ረግረግ በኩል ያደረገው ሙከራ በከባድ እልቂት ከሸፈ። የኢትዮጵያ መንግሥት ጦር ከባሕር ኃይሉ መርከቦች ድጋፍ ያገኝ ስለነበር በደሴቶቹ ላይ ጸና፤ በሚቀጥለው ዓመትም ከበባው ተነሣ።

በየካቲት 1990 (የካቲት 1982 ዓ.ም.)፣ ሻዕቢያ «ፈንቅል» ብሎ በሰየመው ዘመቻ፣ ጥቃቱ በየብስ ብቻ አልመጣም፤ ፈጣን ትንንሽ ጀልባዎችም ከባሕር በኩል ተሰልፈው ነበር። በብርጋዴር ጀኔራል ተሾመ ተሰማ የሚመራው የመንግሥት ጦር በጥዋለት ተከብቦ እስከ መጨረሻው ተዋጋ። አጥቂዎቹ ታንኮቻቸውን በዚያ ጠባብ የድንጋይ መንገድ ላይ ነድተው ገቡ፤ ሦስቱ ታንኮች ዛሬ በመንገዱ ዳር እንደ መታሰቢያ ሐውልት ቆመዋል። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ በአውሮፕላን በመደብደቧ ቤተ መንግሥቱን ጨምሮ ብዙ ሕንፃዎች ፈረሱ፤ ሲቪሎችም አለቁ። ከሁለቱም ወገን በዚያ የወደቁት ወጣቶች ቤተሰቦች ዛሬም በሁለቱም አገሮች አሉ።

ዛሬስ?

ኤርትራ በግንቦት 1993 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ምጽዋ ከአሰብ ጋር የአገሪቱ ሁለት ወደቦች አንዷ ናት። ኢትዮጵያ በወደቧ መጠቀሟን ያቆመችው በ1998 በተጀመረው የድንበር ጦርነት ነው። በሐምሌ 2018 የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ በመስከረም ወር «መቀሌ» የተባለች የኢትዮጵያ መርከብ በወደቡ ብትታይም፣ መደበኛ የጭነት አገልግሎት አልተከተለም። ከተማዋ በጨው ምርት፣ በሲሚንቶ ፋብሪካ፣ በዓሣ ማስገርና ከቢሻ የማዕድን ማውጫ በሚመጣው ጭነት ትንቀሳቀሳለች። የፈረሱት የኮራል ቤቶች ብዙዎቹ ገና አልተጠገኑም።

ለመጎብኘት የሚመቸው ጊዜ መቼ ነው?

ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት። ከአስመራ በመኪና የሚወርድ ሰው ጧት በብርድ ልብስ ተነሥቶ፣ በደመና ውስጥ አልፎ፣ ከሦስት ሰዓት ባልበለጠ ጉዞ ጉርጉሱም በሚባለው የባሕር ዳርቻ ሊዋኝ ይችላል። ውሃ ግን ይዞ ይውረድ።